አፌ «ብነ» ሲል ልቤ የሱቅ ኪራይ ይቆጥራል

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላላችሁም፣ ከሐዋሳ ወጥታችሁ እዚህ መድረክ ላይ ብቻ ለቀራችሁም።

ያለፈው እሑድ መጻጉዕ፣ የሁዳዴ አራተኛው እሑድ፣ ነበር። ገብርኤል ሄጄ አስቀደስኩ። በጊዜ ነው የደረስኩት። ነጠላዬን በወጉ አጣፍቼ፣ በሴቶች በኩል ሁልጊዜ የምቆምባት ዓምድ አጠገብ ቆምኩ። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» አሉ። ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለት ነው። እኔም ከሕዝቡ ጋር «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብዬ መለስኩ። በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን እንደ ማለት ነው። ድምፄን ዝቅ እንኳ አላደረግሁም።

በዚያች ሰዓት ልቤ የት ነበር መሰላችሁ? ሱቄ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፣ ፎቶ ኮፒም እሠራለሁ። አከራዬ ከሚያዝያ ጀምሮ ኪራይ ጨምሪ ብሎኛል። «ብነ» እያልኩ፣ አንድ ገጽ ኮፒ ላይ ስንት ብጨምር ይሸፍነዋል የሚለውን እያባዛሁ ነበር። ዕቁቡ ቀደም ብሎ እንዲደርሰኝም ዳኛውን በሐሳቤ እለምን ነበር። ከዚያ ድንገት ባነንኩ። የቆምኩት እግዚአብሔር ፊት ነው። ልቤ አንተ ጋ ነው ብዬ የዋሸሁት ራሱን ነው። በግዕዝ ስለተነገረ ውሸት መሆኑ ይቀራል?

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ ለሐምሌ ገብርኤል ከማኅሌቱ ጀምሬ ቆሜ አድር ነበር። እንቅልፍ አይመጣም፣ እግሬም አይደክምም። ሲነጋ ታቦቱ ሲወጣ አለቅሳለሁ፣ ለምን እንደማለቅስም አላውቅም። አሁን ጾሙ አለ፣ ስግደቱ አለ፣ ነጠላው አለ። እንባው የለም።

ጥያቄዬ ይኸው። ልብ ሲቀዘቅዝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያሞቀዋል? ወይስ በቀዘቀዘ ልብ መሄዱ ራሱ ግብዝነት ነው? በራሳችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። ስብከት አልፈለግሁም፤ ስብከቱን አውቀዋለሁ።

ማሳሰቢያ ለአዲስ ገቢዎች

ክሩ በአሥር ቀን 41 ምላሽ ደርሷል። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም ላንብብ ቢል ይመሽበታል። አድሚኑ አሳጥሪልን ስላለኝ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። አዳላሽ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ አንዳንድ ቦታ አድልቻለሁ።

ምላሽ 1 የአንዲት እህት ነው። አይዞሽ አለችኝ። እሷም እንዲሁ እንደሆነች፣ ብቻዋን ያለች ይመስላት እንደነበር ጻፈች። ከዚያ የንስሐ አባቴን እንዳናግር መከረችኝና ካናገርኳቸው ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለዚህኛው መልስ አልሰጠኋትም። አሁንም አልሰጥም።

ምላሽ 2 ረጅም ነው። የዕለቱን ዳዊት ድገሚ፣ ውዳሴ ማርያም አታስታጉዪ፣ በቀን 7 ጊዜ ጸልዪ፣ ስግደት ጨምሪ፣ ምጽዋት ስጪ ይላል። አንዱም ስሕተት የለበትም። ስብከት አልፈለግሁም ያልኩትን ግን ያነበበው አይመስለኝም። አመስግኜው አለፍኩ።

ክሩ የተቀጣጠለው በምላሽ 3 ነው። ጸሐፊው የቀድሞ የቆሎ ተማሪ ነው። ዛሬ እዚሁ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ይነዳል። መጀመሪያ ግዕዜን አረመ። «ብነ» ማለት አለን ነው፣ አለኝ አይደለም። አለኝ ለማለት «ብየ» ይባላል። ካህኑም «አልባቢክሙ» ሲሉ ብዙ ልብ ነው የጠሩት፣ የእኔን አንድ ልብ ለይተው አልጠየቁም። ስለዚህ አልዋሸሽም ባይ ነው። መልሱ የጉባኤው ነው። ዓምዱ ጋ የቆመችው ሴት ልቧ ሱቅ ቢሄድ፣ በሩ ጋ የቆሙት ሽማግሌ ልባቸው እዚያው አለ። ነገ ደግሞ እሳቸው ሲደክሙ እሷ ትይዛለች። ቅዳሴ ለብቻ የሚደረግ ቢሆን ኖሮ አንድ ቄስ ይበቃው ነበር አለ። ሥርዓቱ ግን ከ5 ልኡካን በታች አይሆንም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ካህኑ እንኳ ለብቻው የማይችለውን እኔ ለብቻዬ ካልቻልኩ ብዬ መጨነቄ አስገረመው።

ይህን ሳነብ ሱቅ ነበርኩ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሁለቴ አነበብኩት። በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን ቃል ስመልስ አንድም ቀን ብዙ ቁጥር መሆኑን አላስተዋልኩም።

ምላሽ 4 ግን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብኝ። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ደጋግሞ ይመጣል። ቁጥር 3 ለሰነፍ ትራስ አቀበለ አለ። ሁሉም በሌላው ልብ ከተደገፈ ተሸካሚው ማን ነው? ከዚያ የራሴን ዕቁብ በራሴ ላይ አመጣብኝ። ሁሉም ሰው ዕጣ ተቀባይ ብቻ ልሁን ካለ ማን ይጥላል? ኢሳይያስ 29፥13ን ጠቀሰ፤ በከንፈሩ የሚያከብር፣ ልቡ ግን የራቀ ሕዝብ የሚለውን። ሲጨርስም ሱቄን ከራሴ ውስጥ ዘግቼ እንድመጣ፣ አለዚያ ሱቄ ውስጥ እንድቀር ነገረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። መልስ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ።

ያዳነኝ ምላሽ 5 ነው። የነገረ መለኮት ተማሪ ነኝ ይላል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ስም በሚታወቀው ለአዲስ ተጠማቂዎች የተሰጠ ትምህርት ውስጥ፣ ይህችው የእኔ ጉዳይ ቃል በቃል ማለት ይቻላል እንዳለች አስረዳ። ትምህርቱ ልባችሁን አንሡ የሚለው ጋ ሲደርስ ያስጠነቅቃል። በአፉ ወደ ጌታ አነሣነው እያለ ሐሳቡ በኑሮ ጭንቀት የተያዘ ሰው አይኑር ይላል። እዚህ ድረስ ከቁጥር 4 ጋር ነው። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። እግዚአብሔርን ሁልጊዜ ማሰብ ይገባል፤ በሰው ድካም ምክንያት ይህ ካልተቻለ ቢያንስ በዚያች ሰዓት እንጣር። እንግዲህ ከ1,600 ዓመት በላይ የሆነው ምእመንም ልቡ ገበያ ይሄድበት ነበር ማለት ነው። የሱቅ ኪራይ በኢየሩሳሌምም ነበረ።

ምላሽ 6 ስለ ቃሉ ምንም አላለም። ዲያቆን ሆኖ ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ ሥራው ጽና፣ የዕጣን ማጨሻውን፣ ማቀጣጠል ነበር። ሌሊት ተነሥቶ ከሰሉን ከጆንያው ይመርጣል። እርጥቡ ይንጣጣል፣ ይጨሳል፣ ልብስ ያቃጥላል። ደረቁን ለይቶ ጉንጩ እስኪያብጥ እፍ ይላል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። አንድ ሌሊት ፍሙ አመድ ለብሶ ሳያየው አቀረበ። ካህኑ ዕጣኑን ጨመሩ። ምንም። ጢስ የለም። ልጁ እሳቱ ጠፋ ብሎ ደነገጠ፣ ሌላ ከሰል ሊያመጣ ሲሮጥ ቄሱ ያዙት። ጽናውን በሰንሰለቱ ይዘው ቀስ አድርገው ነቀነቁት። አመዱ ረገፈ። ከሥር ቀይ ነው። ዕጣኑ ወዲያው ጨሰ።

እዚህ ላይ አቆመ። ምሳሌ አላደረገውም፣ አልተረጎመውም። ደስ ያለኝም እሱ ነው።

ምላሽ 7 የከሰል ዋጋ አሁን ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። እዚህ መድረክ ላይ የሆነ ሰው ይህን ሳይጠይቅ የሚቀር ክር የለም።

ምላሽ 8 መካነ ኢየሱስም ሙሉ ወንጌልም ብሎ አልለየም፣ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ ብቻ አለ። መጀመሪያ ፈቃድ ጠየቀ። የኦርቶዶክሶች ጉዳይ ውስጥ መግባቱ ካላስከፋን የሚናገረው አለው። ቤቱ ታቦር ተራራ ሥር ነው። እሑድ እሑድ በአምልኮ ፕሮግራም ሳውንድ ይሠራል። የእኔ ችግር ጸጥታው ከሆነ የእሱ ደግሞ ድምፁ ነው። ዘማሪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ኪቦርዱ አንድ ኮርድ ይዞ ይቆያል። እሱ የማይኩን ሪቨርብ፣ ማስተጋቢያውን፣ ቀስ እያለ ይከፍታል። መብራቱን ደብዘዝ ያደርጋል። ሰው ያለቅሳል። እሱ ግን ድምፁ ከልክ አልፎ ቀዩ መብራት እንዳይበራ ሚክሰሩን ያያል። ሰዉ መቼ እንደሚያለቅስ በደቂቃ ያውቀዋል። ራሱ ካለቀሰ ግን ዓመታት አልፈዋል። እንባ የአምልኮ መለኪያ ነው ሲባል የሚስቀው ለዚህ ነው።

ከዚያ ያንን ቀን ነገረን። በመዝሙሩ መሃል መብራት ሄደ። ጄነሬተሩ እምቢ አለ። ሚክሰሩ ጨለመ። ሕዝቡ ግን መዝሙሩን አላቆመም። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ከቁልፉ ወጥተው፣ ከሁሉም ቀድመው ይዘምራሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ማይካቸውን የሚዘጋባቸው ዓይነት ሰው ናቸው። እሱ እጁ የሚይዘው ነገር አጣ። ዝም ብሎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እየዘመረ ራሱን አገኘው።

ምላሽ 9 እዚያው ቤት የሚያመልክ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ተቆጣ። የመንፈስ ቅዱስን ሥራ በሪቨርብ ቁልፍ ትለካለህ ወይ ብሎ ያዘው። ለሌላ ወገን መሳቂያ አደረግከን አለው። ምላሽ 10 ደግሞ ከእኛ ወገን ነው፣ ይህችን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። ጭፈራና ስሜት ብቻ እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ ብሎ ገባ። ሌላም አለ፣ አልደግመውም።

ለቁጥር 10 በምላሽ 11 የመለሰለት ማን መሰላችሁ? ቁጥር 4። ያ ሱቅሽ ቅሪ ያለኝ ሰውዬ። ሰው ገመናውን ገልጦ ሲያሳይ የሚስቅ ሰው የራሱን ልብ አይቶ አያውቅም አለው። ያለፈው እሑድ «አልዕሉ» ሲባል የእሱ ልብ የት እንደነበረ በቀንና በሰዓት እንዲጽፍ ጠየቀው። ቁጥር 10 ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አድሚኑ ሃይማኖት መሰዳደብ ካለ ክሩን እዘጋለሁ ብሎ አስጠነቀቀ።

ምላሽ 12 የአንድ አዛውንት ወንጌላዊ ነው። ከተማችንን አዋሳ ነው የሚሏት፣ በድሮው አጠራር። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየቤቱ በሥውር ይሰበሰቡ ነበር። በአንዲት ክፍል አሥራ አምስት ሰው። ጫማ ውጭ አይወልቅም፤ ደጃፍ ላይ አሥራ አምስት ጥንድ ጫማ ካለ ቀበሌው ያውቃላ። ሁሉም ጫማውን ይዞ ገብቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ሬዲዮ ይከፈታል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ጭብጨባው ሁለት ጣት በመዳፍ ላይ፣ ድምፅ እንዳይኖረው። ያንን ያህል ሞቆኝ አያውቅም ይላሉ። አሁን አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ ማንም አይከለክላቸውም። እሳቸው ግን ስብከቱ መሃል ሰዓታቸውን ያያሉ።

ጭን ላይ የተቀመጠውን ጫማ እስከ ዛሬ ማሰብ አልተውኩም።

ምላሽ 13 ወጣት ነው፣ አልተዋጠለትም። ሽማግሌ ሁሉ የድሮውን ያጣፍጣል አለ። እምነታችን እንዲሞቅ ደርግ ይመለስልን? በዚያ ዘመን ፈርቶ የቀረ፣ ወዳጁን የጠቆመም ነበር፣ እነሱ ታሪክ አይጽፉም አለ። ሹል ነው፣ ግን ሐቅ አለው። አዛውንቱ በምላሽ 15 በጨዋ ደንብ መለሱለት። ልጄ ብለው ጀመሩ። የዚያን ዘመን መከራ ለማንም አይመኙም፤ ከመካከላቸው የጠቆመም ነበር፣ ያውም የቅርብ ሰው። ሊሉ የፈለጉት ያኔ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም ነው። ማይክ የለ፣ ልብስ የለ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ የለ። እግዚአብሔርና አጠገብህ ያለው ሰው ብቻ።

በመሃል ምላሽ 14 ሳይታወቀው ክሩን ገደል ከተተው። ጾም ልብን ያሞቃል ለማለት ነበር አመጣጡ። ግን በሁዳዴ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ነጠላ ለብሰው ቀጥታ ወደ ዓሳ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል፣ የሚሄዱ ሰዎች አየሁ ብሎ ጨመረ። በቃ። ከ16 እስከ 21 ያለው በሙሉ ዓሳ ነው። በሐዋሳ ዓሳና ጾም ከተነሣ ማን ዝም ይላል? አንዱ ደም የለውም አለ፣ ሌላው ቆሮሶ ገዝተህ አርደህ ታውቃለህ ወይ አለው። በሌሎቹ አጽዋማት ይቻላል፣ በሁዳዴ አይቻልም፣ በየትኛውም አይቻልም። ፍትሐ ነገሥትን ሁለቱም ወገን ጠቀሱት። አንድ ቀልደኛ በሁዳዴ በግልጽ ዓሳ የሚበላ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ብቻ ነው ብሎ ዘጋው። እኔ በዚህ ውስጥ የለሁበትም።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ምላሽ 22 ነው። መዘምር ነው። ቁጥር 8 ያነሣው የድምፅ ጉዳይ እኛም ጋ መልስ እንዳለው ጻፈ። በሁዳዴ 55 ቀን ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። ሆድ ብቻ አይደለም የሚጾመው፣ ጆሮም ይጾማል። ልጅ ሳለ ይህ ወር ይሰለቸው ነበር፣ ከበሮው ናፍቆት ፋሲካን ይቆጥር ነበር። አሁን ይበልጥ የሚወደው ይህን ወቅት ነው። መቋሚያው ወለሉን ሲመታ የራሱን ትንፋሽ ይሰማል። በገናም የዚህ ሰሞን ዕቃ የሆነው በከንቱ አይደለም ይላል፤ 10 አውታር ይዞ ያን ያህል ዝግ ብሎ የሚናገር ሌላ መሣሪያ የለንም። ሞቅታና ድምቀት አንድ እንዳይመስሉሽ ብሎኛል።

ምላሽ 23 ቅዳሴ ላይ ስልክ አውጥተው ቲክቶክ ላይቭ የሚገቡትን ረገመ። ስድስት ሰው ወደደው። እኔም ወድጄዋለሁ።

ምላሽ 24 ሳቅ አምጥታብኝ ከዚያ አሳፈረችኝ። ሁለት ሕፃናት ያሏት እናት ናት። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምታ አታውቅም። አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዷ ሽንቴ ትላለች። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ፣ ሲባል እሷ ግቢው ውስጥ ልጅ እያሯሯጠች ነው። ወንጌሉን በድምፅ ማጉያ ከዛፍ ሥር ነው የምትሰማው። የእኔ ልብ ብቻ ነው የሄደው፤ የእሷ እግሯም ደጅ ነው። በዓምድ ተደግፎ ስለ ቀዘቀዘ ልብ ማሰብ ራሱ ቅንጦት መሰላት። ቀናሁብሽ ብላ ጨረሰች።

ምላሽ 25 ጸሐፊው ስለራሱ ምንም አይልም። ማር ይስሐቅን ጠቀሰ። ከመጽሐፈ መነኮሳት ሦስት ክፍሎች አንዱ የሚጠራበት አባት ነው፤ ሌሎቹ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሰው ነው። የነነዌ ጳጳስ አድርገው ቢሾሙት 5 ወር ያህል ቆይቶ ትቶት ወደ ብሕትውናው ተመለሰ። ያን ያህል ሰው ስለ ጸሎት ጣዕም ብቻ ይጽፋል ብለን እንጠብቃለን። እሱ ግን ነፍስ ስለምትጨልምባቸው ሰዓቶችም ጽፏል። ለመነኩሴ የሰጠው ምክርም ምላሽ 2 እንዳለው አይደለም። በግንባርህ ተደፍተህ ለመጸለይ አቅም ካጣህ ራስህን በልብስህ ተከናንበህ ተኛ፣ ጨለማው ሰዓት እስኪያልፍልህ። ከበዓትህ፣ ከምትጸልይባት ማደሪያህ፣ ብቻ አትውጣ። መላሹ ከሥር አንድ ነገር ጨመረ፦ የአንቺ በዓት ያቺ ዓምድ ናት።

ቁጥር 4 ወዲያው 26 ሆኖ መጣ። ለመነኩሴ የተጻፈ ለነጋዴ አይቆረጥም አለ። ሴትዮዋ ተከናንባ እንድትተኛ አሁን የቅዱሳን ፈቃድ አገኘች ብሎ ተሳለቀ። ይህ ሰው ሰላም የሚያገኘው መቼ ይሆን ብዬ ነበር።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ምላሽ 27 ነው። አጭር ነው። ጸሐፊው እንደኔው ቀዝቅዞት ነበር። ግብዝ አልሆንም ብሎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። ልቤ ሲመለስ እመለሳለሁ አለ። ስድስት ዓመት ሆነው። እሑድ ጠዋት ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል፣ ደወሉ ይሰማዋል። ቢያንስ አልዋሸሁም ይላል። ልቡ ግን ቤትም አልመጣም። ለማንም ምክር የለውም፣ ጥያቄዬን ስላነበበ ብቻ ነው የጻፈው። ማንም አልሰደበውም። ቁጥር 4 እንኳ።

ምላሽ 28 የተጻፈው በልጅ እጅ ነው። አያቱ ሲያነብላቸው ሰምተው፣ ጻፍልኝ ብለውት። አያቱ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ያነሡት ራሱን መጻጉዕን ነው። እኔ ቀኑን ጠቅሼ ወንጌሉን ረሳሁት። ያ ሰው 38 ዓመት በአልጋው ላይ ነበር። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው አዎ አላለም። ሰው የለኝም ነው ያለው። ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም። እማማ እዚህ ላይ ያ የባጃጅ ልጅ እውነቱን ነው አሉ። «ብነ» አለን ነው። በሽተኛው የጎደለው እግር ብቻ አልነበረም፣ አለን የሚለው ሰው ነው። እሳቸውም እንዲሁ ሆነዋል። በፊት ከጎረቤት ጋር እየተጠራሩ ነበር የሚሄዱት። አንዷ ሞተች፣ አንዷ ልጇ ጋ አዲስ አበባ ገባች። ዘንድሮ ጾም ከገባ አንድ ቀን ብቻ ነው ያስቀደሱት። ልባቸው አልቀዘቀዘም፤ የሚወስዳቸው የለም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መልኩን ቀየረ። ቁጥር 3 በ29 መጥቶ ሰፈራቸው የት እንደሆነ ልጁን ጠየቀው። በ30 ልጁ አቶቴ አካባቢ ነው አለ። በ31 ቁጥር 3 እሑድ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ እንደሚቆም ጻፈ፣ ሒሳብ የሚባል ነገር እንዳይነሣበትም አስጠነቀቀ። በ32 ያቺ የሁለት ሕፃናት እናት እሷም አቶቴ መሆኗን ተናገረች። በ33 ቦታ ይኖራል አይኖርም ተባለ። ባጃጅ ውስጥ አያት፣ ልጅ፣ እናት፣ ሁለት ሕፃን። በ34 አንዱ ትራፊክ ይይዝሃል አለው። በ35 ሕፃን ሰው አይቆጠርም የሚል የሕግ ክርክር ተነሣ። ስለ ልብ ያወራ ሰው የለም።

36 እኔው ነኝ። ከመጻጉዕ ቀጥሎ ባለው በደብረ ዘይት እሑድ ዓምዷ ጋ ሳይሆን በሩ አጠገብ ቆምኩ፣ እማማ የሚቀመጡበት ዱካ ስላለ። በስም አልተዋወቅንም ነበር፣ ግን ባጃጁን አይቼ አወቅኋቸው። ትንሿ ልጅ ነጠላዬን ይዛ ትጎትታለች። እናቷን ሂጂ ግቢ አልኳት፣ ልጅቷን እኔ ያዝኩ። «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል ልጅቷ ሽንቴ እንዳትለኝ ነው የፈራሁት። «ብነ» አልኩ። እናቷ ከውስጥ፣ እማማ ከዱካቸው፣ ሁላችንም እኩል። ኪራዩ ትዝ አላለኝም አልልም። ትዝ ያለኝ ግን ከቃሉ በኋላ ነው። አላለቀስኩም። እንዳለ ጻፍኩላችሁ።

37 እና 38 እግዚአብሔር ይመስገን የሚሉ ናቸው። 39 ቁጥር 8 ነው፤ እሱም ባለፈው እሑድ መዝሙሩ ሲጀመር አንዴ እጁን ከሚክሰሩ ላይ እንዳነሣና ድምፁ እንደጮኸ፣ እንደተቆጡትም ጻፈ። 40 ከፋሲካ በኋላ አሞራ ገደል ላይ እንገናኝ የሚል ነው፣ ቁጥር 16 ጋባዥ ነኝ ብሏል፤ አሁን ለምስክር ይሁን።

41 ቁጥር 4 ነው። ስድብ ጠብቄ ከፈትኩት። የእናቱ የነበረ ውዳሴ ማርያም አለው፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ ሦስት ቅጠል ሊወድቅ ደርሷል። ሳይቀደድ ኮፒ ማንሣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፣ ሱቄ ሰኞ ክፍት መሆኑንም። መስታወቱ ላይ ሳልጫን በእጄ እንደማነሣለት ጻፍኩለት። ሰኞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አለሁ። ዋጋውም ገና አልጨመረም።